ማሩን መርጠን ማርማላታ ደረሰን

የአሜሪካ ምርጫ በመጣ ቁጥር የሰፈራችን ሰው ሬዲዮ ከቦ ይጨቃጨቃል። አንዱ፣ እዚያ አገር ተራው ሰው ድምፁን ካልሰጠ ማንም ወንበር ላይ አይወጣም ይላል። ሌላው፣ የተራው ሰው ድምፅ ለወጉ ነው፣ ነገሩን የሚቆርጡት ሌሎች ናቸው ይላል። እኔ ጥጌን ይዤ ዝም እላለሁ። ዝም የምለው ስለማላውቅ የሚመስላቸው አሉ፤ ይምሰላቸው። እኔ በአሜሪካ ሥርዓት መርጫለሁ። መምረጥ ብቻም አይደለም፣ የጎጆዬን ድምፅ በአፌ ተሸክሜ ሹም ፊት ቀርቤአለሁ። ያውም አሜሪካን በሕልሜም ሳላያት፣ ጣሊያን ባገራችን ላይ በነበረበት ጊዜ፣ ከደባርቅ ሥር፣ ድብ ባሕር ከምትባለው መንደር በላይ ካለው ገደል አፋፍ ላይ። ነገሩ ረዘም ስለሚል ሥራ ያለው ሰው ወደ ሥራው ይሂድ። እኔ ሥራ ከተውሁ ቆይቻለሁ፣ ቀስ ብዬ ነው የማወራው።

ጣሊያን ጎንደርን እንደያዘ መንገድ የሚባል በሽታ ያዘው። አባቶቻችን በእግራቸው እየወረዱና እየወጡ የኖሩበትን ገደል ማኪና ካልወጣው ብሎ ድርቅ አለ። እኔ የጎንደር ከተማ ሰው ነኝ፤ አናጢ ነበርሁ። ጦርነቱ ቤት የሚያሠራ ሰው ሲያሳጣኝ ድንጋይ ልፈልጥ ወደዚያ ወረድሁ። በሥራው ሰፈር ሰው የሚያድረው ባገር ባገሩ ተቧድኖ ነው። የደባርቅ ሰዎች ትልቁን ጎጆ ይዘዋል፤ ብዛታቸው ከሁላችንም ይበልጣል። የሳንጃ ሰዎች አንድ ጎጆ፣ የዛሪማ ሰዎች አንድ ጎጆ፣ እኛ ጎንደሬዎችም አንድ ጎጆ አለን። ከዚያ ፈንጠር ብሎ የአያ ይስሐቅ ጎጆ ነበር። አያ ይስሐቅ ቤተ እስራኤል ነው፤ ዶማና መሮ የሚስልልን ባለ እጅ። ብቻውን ይኖራል። የሳለውን ዶማ ሁሉም ይፈልጋል፤ ሰላምታውን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነበር። ቡዳ ነው የሚሉት ሰዎች ዶማቸውን ከሩቅ ወርውረውለት፣ ሲሳል ደግሞ ከሩቅ እንዲወረውርላቸው ይጠብቃሉ። ዶማ ሲወረወር ከቡዳ ይልቅ እንደሚያስፈራ ማንም ልብ ያለው የለም።

የሥራው ሹም ጨጓራ የሚያመው ሸበቶ ጣሊያን ነበር። ሲኞሬ እንለዋለን። ከሱ በታች ካቦ አለ። ካቦ ማለት ከእኛው መሀል ወጥቶ እኛኑ የሚያዝ ሰው ነው። ማን ውሃ እንደሚቀዳ፣ ማን ድንጋይ እንደሚሸከም የሚለየው እሱ ነው። ከሁሉ የከፋው ግን የገመዱ ሥራ ነበር። አንድ ሰው ወገቡን በገመድ ታስሮ ገደሉ ላይ ይንጠለጠልና ባሩድ የሚቀበርበትን ቀዳዳ በመሮ ይበሳል። አንድ የዛሪማ ሰው ገመዱ ተበጥሶበት እዚያው ቀርቷል፤ ሬሳው እንኳ የወጣው በብዙ ድካም ነው። ማን በገመድ እንደሚወርድ የሚቆርጠውም ካቦው ነው። ስለዚህ ካቦው ማን ነው ብሎ መጠየቅ፣ ማን ይኖራል ብሎ ከመጠየቅ አይለይም።

አንድ ቀን ካቦአችን ወባ ጣለውና ማኪና ላይ ጭነው ወደ ጎንደር ወሰዱት። ሲኞሬው፣ በምትኩ የሚሆነውን ሰው ራሳችሁ አምጡልኝ ብሎ በአስተርጓሚው አስነገረን። ይህን ያለው ከደግነት አይደለም። የፊተኛውን ካቦ እሱ ሾሞት ስለነበር ጠዋት ማታ እየሄድን ስንከስበት ጨጓራው ተባብሷል። አሁን ብንከስ ራሳችንን እንድንከስ ብሎ ነው።

ሁለት ሰዎች ተነሡ። አንደኛው ሺባባው ነው፤ የደባርቅ ሰው፣ ቁመቱ ሸጋ፣ ንግግሩ ጮሌ፣ ከሲኞሬው ድንኳን ደጃፍ የማይጠፋ። የቀድሞው ካቦ ማንን እንደሚገርፍ ሲቸግረው ስም የሚያቀብለው እሱ ነበር ይባላል። ሁለተኛው አያ ማሩ ነው። የዛሪማ ገበሬ፣ ዕድሜው የገፋ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው። ያ ሰው ገደል የገባ ቀን ሌላው ሁሉ አፋፉ ላይ ቆሞ ሲጮህ፣ ሳይታዘዝ ወርዶ ሬሳውን ያወጣው አያ ማሩ ነው። ሹመቱን እሱ አልጠየቀም፤ እኛ ነን ስሙን ያነሣነው።

በራስ እንቆጠር ቢባል ያለቀ ነገር ነበር፤ ደባርቆች ይበዛሉ፣ ሺባባው ደግሞ የግማሾቹ ዘመድ ነው። ይህ ምርጫ ሳይሆን የደባርቅ ሕዝብ ቆጠራ ነው ብለን እምቢ አልን። ነገሩ ወደ ዱላ ሊሄድ ሲል አያ ወርቁ ጉሮሮውን ጠረገ።

አያ ወርቁ የኛ ጎጆ ሰው ነው። ከጦርነቱ በፊት ጎንደር ይኖር ለነበረ አንድ አሜሪካዊ ሐኪም በቅሎ ይጭን ነበር። ከዚያ ወዲህ ያለ አሜሪካ አያስነጥስም። ነፋስ ሲነፍስ የአሜሪካን ነፋስ ያነሣል፣ ሽሮ ሲቀጥን የአሜሪካን ሽሮ። አሜሪካ ሽሮ የለም ብንለው፣ ለዚህ ነዋ የማይቀጥነው ይላል።

እሱ እንዳወጋን፣ ሐኪሙ አንድ ቀን አኩርፎ ዋለ። ምሳ አልበላም፣ በቅሎይቱን እንኳ አልዳበሰም። አያ ወርቁ ምነው ቢለው፣ ባገሬ ምርጫ ነበር፣ የኔ ሰው ወደቀ አለው። አያ ወርቁ ከበቅሎ የወደቀ መስሎት እግዜር ያውጣው ብሎ አጽናናው። ኋላ ነው ሐኪሙ ያስረዳው። በአሜሪካ ያገሩን አለቃ ሕዝቡ በየአራት ዓመቱ ይመርጣል፤ ሹመት ፈላጊው ደግሞ ባገሩ እየዞረ ምረጡኝ እያለ ይለምናል። ይህን ሲሰማ አንድ የሳንጃ ሰው አማተበና ንጉሥ ይለምናል ወይ ብሎ ጠየቀ። አያ ወርቁም፣ ይለምናል፣ ያውም ፈገግ ብሎ ነው አለው።

ከዚህም የባሰ ነበረው። የሕዝቡ ድምፅ ቀጥ ብሎ ወደ ሰውየው አይሄድም። በየግዛቱ ይቆጠርና አብላጫ ያገኘው የግዛቱን ድምፅ ጠቅልሎ ይወስዳል፤ ከዚያ የየግዛቱ መራጮች ቀርበው አለቃውን ይሰይማሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙ ሰው የፈለገው ቤቱ ቀርቶ፣ ጥቂት ሰው የፈለገው ቤተ መንግሥት የገባበት ጊዜ አለ።

እኔ ሳቅሁ። በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሀል የአንድ ሐኪም ድምፅ ተከዜ ላይ የተተፋ ምራቅ ነው፣ ወንዙን አይሞላው አያጎድለው አልሁ። ደግሞም ሰውየው ጎንደር ተቀምጦ፣ ያልመረጠበት ምርጫ ምኑን አስኮረፈው? አያ ወርቁም ይህንኑ ጠይቆት ኖሯል። ሐኪሙ የመለሰለትን ሲነግረን ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ድምፄን ሰጥቼ ቢወድቅ ሕዝቡ ጣለው እል ነበር» አለው። «ሳልሰጥ ሲወድቅ ግን የጣልሁት እኔ ይመስለኛል።»

አያ ወርቁም ጣቱን ወደየጎጆው እየቀሰረ፣ እንግዲያ እኛም እያንዳንዱ ጎጆ እንደ አንድ ግዛት ይሁን፣ ጎጆው ትልቅም ይሁን ትንሽ አንድ ድምፅ ይኑረው አለ። በአሜሪካ ትልቁ ግዛት ብዙ ድምፅ እንዳለው የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። ያን ክፍል ወይ ሐኪሙ አልነገረው፣ ወይ ደግሞ እሱ ሲሰማ በቅሎይቱ ረግጣዋለች።

የሚያስገርመው ሺባባው መስማማቱ ነው። አስልቶ ነበር። የሳንጃን ሰዎች ከገመድ እንደሚያወጣቸው ምሎላቸው በእጁ ገብተዋል። ደባርቅና ሳንጃ ሁለት፣ ዛሪማና ጎንደር ሁለት። እኩል ከሆነ ደግሞ ሲኞሬው ደጃፉ ላይ የሚያውቀውን ይሾማል። የአያ ይስሐቅን ጎጆ አልቆጠረውም። እኛ ግን ቆጠርነው። ደባርቆች፣ የባለ እጅ ጎጆ ድምፅ አለው ማለት መዳፈር ነው ብለው ተነሡ። ያን ቀን አያ ማሩ ለመጀመሪያ ጊዜ አፉን ከፈተ።

«ጭስ ይወጣበታል?» አለ።

ይወጣበታል አሉት። ከወናፍ አጠገብ ጭስ አይወጣም ማለት አይቻልም።

«እንግዲያ ጎጆ ነው» አለና ተቀመጠ።

እንዲህ ሆኖ ያ ሁሉ ሰው የሚራቀው ባለ እጅ ባንድ ቀን ያገር ሚዛን ሆነ። እናንተ ሆይ፣ ሰው እንዴት ይለወጣል። ዶማቸውን ይወረውሩ የነበሩት በሁለት እጃቸው ማቅረብ ጀመሩ። ያልደነዘ ዶማ የሚያስስሉ መጡ። ሺባባው ራሱ በጠዋት ሄዶ እንዴት አደርህ አያ ይስሐቅ፣ ምነው ጠፋህ አለው። አያ ይስሐቅ ከዚያች ቦታ አንድ ቀን ተነሥቶ አያውቅም። እኔም ለአያ ማሩ ልለምንለት ብሄድ መዶሻውን ሳያቆም ሰማኝና እንዲህ አለ፦

«ምርጫ በየሳምንቱ ቢኖር እኔም ሰው ሆኜ እሞት ነበር።»

ሐፍረት ይዞኝ ተመለስሁ። አያ ማሩን፣ አንተው ሄደህ አንድ ቃል ብትለው ምናለ ብዬ ብለምነው፣ ድሮም ሰላም የምለው ሰው ነው፣ ዛሬ ተሽቀዳድሜ ብሄድ ምን ይለኛል አለኝ። እንዲህ ያለውን ሰው ለሹመት ማቅረብ ዓሣን ለዛፍ መውጣት እንደ ማቅረብ ነው ብዬ ተስፋ ቆረጥሁ። በምርጫው ቀን ግን አያ ይስሐቅ ከጎጆው ወጣ፣ እጁን በሽርጡ ጠረገ፣ አያ ማሩን ነው የምለው ብሎ ተመልሶ ገባ። ቅስቀሳ ያላመጣው ድምፅ እሱ ብቻ ነበር፤ የቆረጠውም እሱ ሆነ። ሦስት ጎጆ ለአያ ማሩ፣ ሁለት ለሺባባው። በራስ ቢቆጠር ሺባባው ይበልጥ ነበር። ደባርቆች ይህን አንሥተው ቢያጉረመርሙ አያ ወርቁ ጢሙን እያሻሸ፣ ምን ላድርጋችሁ፣ አሜሪካ ነው አላቸው።

ቀጥሎ ከየጎጆው አንድ አንድ መራጭ ተሰይሞ ውጤቱን ለሲኞሬው እንዲያደርስ ተባለ። ከኛ ጎጆ እኔ ተመረጥሁ። የተመረጥሁት ጫማ ስለነበረኝ ነው። ከተጣለ ዕቃ መሀል ያገኘሁት ትልቅ የወታደር ቦት ጫማ ነበረኝ፤ እግሬ ውስጡ እንደ እንግዳ ወዲያ ወዲህ ይላል። ባዶ እግሩን የመጣ ሰው ከድንኳኑ ይመለስ ስለነበር ጫማዬ ሊቅ አስመሰለኝ። ደግሞ ጣሊያንኛ እችላለሁ ብዬ አስወርቼ ነበር። እውነቱን ለመናገር የማውቀው «ቦንጆርኖ»፣ «ባስታ» እና «ሲ» የሚሉትን ነው፤ እንደምን አደሩ፣ በቃ፣ አዎ ማለት ነው። በሦስት ቃል ግን ሰው ብዙ ሊሳሳት ይችላል።

አስተርጓሚው ሳልሕ ይባላል። ከምጽዋ የመጣ፣ ረጋ ያለ፣ ብርዳችን ያንገበገበው ሰው ነው። አማርኛ የተማረው ገበያ ውስጥ ስለሆነ የሚበላና የሚለበስ ነገር ሁሉ ያውቃል። ወደ ሰፈራችን ከመጣ ገና ጥቂት ጊዜው ስለነበር ከሁላችን መሀል በስም የሚያውቀው ደጃፍ የማይለየውን ሺባባውን ብቻ ነው።

ገባን። ጉሮሮዬን ጠረግሁ፣ ቦንጆርኖ አልሁ፣ ከዚያ የሦስቱን ጎጆዎች መራጮች በእጄ አመለከትሁና እንዲህ ብዬ ተናገርሁ፦

«ሲኞሬ፣ እኛ ሦስታችን የምንፈልገው ማሩን ነው። ማሩን ስጡን።»

ሳልሕ ትክ ብሎ አየኝና ወደ ጣሊያኑ ዞሮ አስተረጎመ። ከንግግሩ መሀል «ሚዬሌ» የምትል ቃል ጆሮዬ ገባች። ሚዬሌ ማለት ካቦ ማለት መሆን አለበት ብዬ ወሰንሁ። ሲኞሬው ቅንድቡን ሰቅሎ «ሚዬሌ?» አለኝ። እኔም እንዳላፍር ብዬ፣ ሲ ሲኞሬ፣ ሚዬሌ አልሁ። ደግሜ ደጋግሜ አልሁ። አብረውኝ የገቡትም ጣሊያንኛው ሲያምርባቸው ጊዜ ሚዬሌ፣ ሚዬሌ እያሉ ተቀበሉኝ። አያ ይስሐቅ ብቻ አልተቀበለኝም። የቀሩት ሁለት ጎጆዎችስ ሲባል፣ እነሱ ሺባባውን ነው የሚሉት አልሁ። ሲኞሬው ጨጓራውን ይዞ ጥቂት አሰበ፣ ገባኝ አለ፣ ወጣን። እኔ እንደ ጀግና ነው የወጣሁት።

በነጋታው ሳልሕ አንድ ትልቅ ቆርቆሮ አቅፎ መጣና ፍርዱን አሰማን። ሁለቱ ጎጆዎች ሺባባውን ስለጠየቁ ሺባባው ካቦ ሆኗል። ሦስቱ ጎጆዎች ማር ስለጠየቁ፣ ማር ባይኖርም ሲኞሬው ከራሱ ስንቅ ማርማላታ ሰጥቷቸዋል፤ ሁለተኛ እንዲህ ላለ ነገር መራጭ እንዳትልኩ ብሏል።

ሚዬሌ ማለት ማር ማለት ነው። ያን ጊዜ ነው የተማርሁት፤ ዛሬም አልረሳውም።

የጣሊያኑን ፍርድ አትንቀፉት። ሦስት ጎጆ ማር ፈለገ፣ ሁለት ጎጆ ሰው ፈለገ። በቦታው እኔም ብሆን ማሩን ለፈለገ ማር፣ ሰውን ለፈለገ ሰው ነበር የምሰጠው። ቆርቆሮው መሀላችን ተቀምጦ ዋለ። ድምፃችንን አንበላም ተባለ። ከቀትር በኋላ ዝንብ ሲከበው፣ ድምፃችንን ዝንብ ከሚበላው የሚል ወገን ተነሣ። አያ ወርቁ ለማጣራት ያህል ብሎ በጣቱ ቀመሰ፣ ደግሞ ቀመሰ፣ አሜሪካ ከዚህ የሚሻል አለ አለ፣ እየቀመሰም ቀጠለ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይጣፍጥ ነበር። ያን ያህል መጣፈጡም ነው ይበልጥ ያናደደን። አያ ማሩም ዳቦውን ቀባ አድርጎ በላና፣ በስሜ የመጣ ነው፣ አይጣልም አለ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እኔ ብቻ አልሳቅሁም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ «ሚዬሌ» ሆኖ ነበርና።

ሳቁ ብዙ አልቆየም። ሺባባው፣ ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚባለውን ተረት ልብ ብሎ የሰማ ሰው ነበር። ነገሩን ላቃና ወደ ሲኞሬው ልግባ ብል፣ አቤቱታ ያለው ሰው በካቦው በኩል ይቅረብ የሚል ትእዛዝ ወጥቷል። የምከሰው እሱን ነው፣ የሚያቀርበኝም እሱ ነው። አቤቱታዬን ሰማኝ፣ ራሱን ነቀነቀ፣ በማግስቱ ገመድ ላይ ነበርሁ።

ገደል ላይ ተንጠልጥሎ ስለ ምርጫ ማሰብ ከሬዲዮ አጠገብ እንደማሰብ አይደለም። ከሥሬ አሞራ ይዞራል። አሞራን ከላይ ሆኜ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው፤ ጀርባው እንዲህ ሰፊ አይመስለኝም ነበር። መሮውን ስመታ አንደኛው ቦት ጫማ ከእግሬ ወልቆ ወደ ዛሪማ ሄደ። እንደ ወረደ የሚያርፍበትን ድምፅ ብጠብቅ ብጠብቅ አልሰማሁትም። ያን ጊዜ ሐኪሙ ትዝ አለኝ። እሱ ሳይመርጥ ሰውየውን የጣለ መሰለው፤ እኔ መርጬም ሰውየውን ጣልሁት፣ ቀጥሎ የምወድቀው ደግሞ እኔው ነኝ። ስወጣ አያ ማሩ ውሃ አጠጣኝ እንጂ ስለ ማር አንድ ቃል አልተናገረም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሳንጃዎች ከገመድ ይወጣሉ የተባሉት አልወጡም። ቀጥሎ ደባርቆች ራሳቸው ቀመሱት። የሺባባው ያጎት ልጅ ከሁሉ በፊት የመረጠው ነበር፤ የዘመድ ድርሻዬን ብሎ ውሃ ቀጂነት ቢጠይቅ፣ ሺባባው፣ ሰው ፊት በስሜ ያለ ማዕረግ ጠራኸኝ ብሎ ገመድ ላይ ሰቀለው። ያን ቀን ከትልቁ ጎጆ ዘፈን አልተሰማም።

ነገሩ የፈነዳው አንድ ጠዋት ነው። ገመዱ መሀሉ ላይ እንደ አሮጌ ነጠላ ሳስቶ ነበር፤ ሁላችንም አይተነዋል። ሺባባው በዚያ ገመድ እንዲወርድ አያ ማሩን አዘዘ። አያ ማሩ ገመዱን በጣቱ ዳበሰ፣ ጋቢውን አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አኖረ፣ ወገቡን ማሰር ጀመረ። አልተለማመጠም። ይህን ጊዜ ያጎት ልጅ የተባለው ደባርቄ ዶማውን አስቀምጦ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ከጎኑ ያለውም ተቀመጠ። ሳንጃዎች ተቀመጡ፣ እኛም ተቀመጥን። የሺባባው አለንጋ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሮጥ፣ ከዚያ ሁሉ ጫጫታ በላይ ይሰማ የነበረው የአያ ይስሐቅ መዶሻ ድንገት ቀጥ አለ። ገደሉ ዝም አለ። እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ሲኞሬውን ከድንኳኑ ያወጣው ያ ዝምታ ነው። አስካሪዎቹ፣ የጣሊያን ቅጥር ወታደሮች፣ ጠመንጃቸውን አቀባበሉ። እኔ ፈርቼ ነበር፤ ጀግና ነበርሁ ብዬ አልዋሻችሁም። ልነሣ ብዬ ነበር፣ ግን ተነሥቼ መቆሙ ከመቀመጥ ይበልጥ የሚያስመታ መሰለኝ። ሆኖም ተነሣሁ። ባንድ እግር ጫማ እያነከስሁ ሄጄ አያ ማሩን በእጁ ያዝሁና ሲኞሬው ፊት አቆምሁት። ጣሊያንኛዬን ለዚያ ቀን ተውሁት።

«ሳልሕ፣ ማሩ ይህ ነው» አልሁ። «የሚበላ አይደለም። ሰው ነው፣ ስሙ ነው ማሩ።»

ሳልሕ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። አያ ማሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ቀስ እያለ ለጣሊያኑ አስረዳ። ሲኞሬው ጨጓራውን ይዞ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። እኛ አልሳቅንም፤ ጠመንጃው ገና አልወረደም። ሳቁ ሲያልቅለት፣ ይህን የምርጫ ነገር ማን አስተማራችሁ ብሎ ጠየቀ። አያ ወርቁ ከተቀመጠበት ሆኖ፣ የአሜሪካ ሥርዓት ነው አለ። ሲኞሬው አንድ ነገር ተናገረ። ሳልሕ ሊያስተረጉመው አልፈለገም ነበር፣ ዘወር ብሎ አስካሪዎቹን አየና ዝግ ባለ ድምፅ ነገረን።

«ባገሬ እኔን ምን ትፈልጋለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ከጠፋ ብዙ ዘመን ነው» ይላል። «እናንተን ማን ጠየቃችሁ?»

«አንተ» አለ አያ ይስሐቅ፣ ከጎጆው ደጅ ቆሞ። «ራሳችሁ አምጡ ብለህ የጠየቅኸን አንተ ነህ።»

ሲኞሬው ግን ወዲያው እሺ አላለም። ሺባባው ካቦ ነው፣ ተነሡ አለ። አልተነሣንም። ገብቶ መድኃኒቱን ጠጣ፣ ወጣ፣ አሁንም ተቀምጠናል። ፀሐይ ከፊታችን ወደ ጀርባችን ዞረች። ከጎንደር አንድ ትልቅ ሹም መንገዱን ሊያይ በማኪና እንደሚመጣ ይጠበቅ ነበር፤ የተቀመጠ ሠራተኛ ከማሳየት የተሾመ ማሩን ማሳየት ሳይቀለው አልቀረም። ወደ ማታ ግድም ድምፁ ደክሞ፣ እጁን ወደ አያ ማሩ ወረወረና ይሁን አለ። ምርጫችን የጸደቀው እንዲህ ነው፤ ባጭሩ፣ መጀመሪያ ባፋችን፣ ሁለተኛ በመቀመጫችን።

አያ ማሩ ካቦ ሆኖ መጀመሪያ የጠየቀው አዲስ ገመድ ነው። ቀጥሎ ሁሉም በተራ እንዲወርድ አደረገ፤ እሱም በተራው ወረደ፣ ሺባባውም በተራው። ሺባባው የወረደ ቀን ገመዱን የያዝሁት እኔ ነበርሁ። ወደ ላይ ቀና ብሎ እንዴት እንዳየኝ ለናንተ መንገር አልችልም። ጠበቅ አድርጌ ያዝሁት። በአያ ማሩ ዘመን ከዚያ ገደል የወደቀ ሰው የለም፤ የኔ ጫማ እንኳ የወደቀችው በሺባባው ዘመን ነው። ወደ አያ ይስሐቅ ዶማ የሚወረውሩ ሰዎች ግን ቀስ በቀስ ተመለሱ። ሁሉም አይደሉም፤ ያጎት ልጅ የተባለው ደባርቄ እስከ መጨረሻው በሁለት እጁ ነበር የሚያቀርበው።

ጣሊያን ከወጣ በኋላ፣ አርጅቼ፣ ባንድ የጭነት ማኪና ተሳፍሬ በዚያ መንገድ ወረድሁ። ከድብ ባሕር በላይ አንድ መታጠፊያ አለ። በላዩም በታቹም መንገዱ ሰፊ ነው፣ እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ድንገት ይጠባል። ያን ቀን ሙሉ ስንቀመጥ ሳይፈለጥ የቀረው ድንጋይ ነው፤ ኋላ ሹሙ ሊመጣ ሲል ጣሊያኖቹ ተጣድፈው እንዳለ አለፉት። ሹፌሩ መሪውን እየታገለ ጎማው አፋፉን ሲልሰው፣ ላቡን ጠረገና፣ እችን የሠራት ምን ያለ ሰነፍ ነው አለ።

«ሰነፍ አይደለም» አልሁት። «መራጭ ነው።»